ሁለተኛው ቅጂ የት አለ?

የኢትዮጵያ የብራና መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በእርግማን ነው። ቁም ጸሐፊው ሥራውን ሲፈጽም የራሱን ስም፣ ያጻፈውን ሰው ስምና መጽሐፉ የተሰጠበትን ደብር ይጠቅስና፣ ይህን መጽሐፍ የሰረቀውን፣ የፋቀውን፣ ከደብሩ አውጥቶ የሸጠውን ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን አውግዞ ብርዑን ያስቀምጣል። የዘመኑ አንባቢ ይህን ሲያይ ፈገግ ይል ይሆናል። እኔ ግን እንደ ጥበቃ ደንብ ነው የማነበው። ዘበኛና የብረት ካዝና በሌለበት አገር መጽሐፍን ከሌባ የሚጠብቀው የሌባው የገዛ ፍርሃት ነበር። ፍርሃቱ እስከኖረ ድረስ ጥበቃው ሠርቷል። ፍርሃቱን የማያውቅ ሰው በመጣ ጊዜ ግን፣ በ1860 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ግዝቱም ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ተጭኖ ሄደ።

አባቶቻችን በእርግማን ብቻ አልተወሰኑም። የደብሩ ርስትና ጉልት፣ የንጉሥ ስጦታ፣ የተዳረሰ ክርክር ሁሉ የሚጻፈው በተለየ መዝገብ ላይ ሳይሆን በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር። «ወንጌል ዘወርቅ» የሚባለው ይኸው ነው። ምክንያቱ ብራና ለመቆጠብ ብቻ አይመስለኝም። ተራ መዝገብ ሊፋቅ፣ ሊሰረዝ፣ ሊቃጠል ይችላል፤ ወንጌል ላይ ምላጭ የሚያነሳ ግን አይገኝም። መሬቱን የሚመኝ ባላንጣ ሰነዱን ለማጥፋት ቅዱሱን መጽሐፍ ማጥፋት ይኖርበታል። ዛሬ የውጭ አገር ባለሙያዎች «የአደጋ ሥጋት አመራር» ብለው በየስብሰባው የሚያስተምሩት ትምህርት ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ከእኛ ዕቃ ቤት የጠፋ አልነበረም። ሊመጣ የሚችለውን ጥፋት አስቀድሞ ማሰብ፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚጎዳ መመዘን፣ ከመምጣቱ በፊት መላ ማዘጋጀት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ከሁሉ የበለጠው መላ ግን መገልበጥ ነበር። ብራና ጠንካራ ነው፤ ይሁንና አይጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያርሰዋል፣ የጧፍ እሳት ከሣር ክዳን ጋር ሲገናኝ ሌሊቱን ዓመድ ያደርገዋል። ስለዚህ መጽሐፉ ከደብር ወደ ደብር እየተዋሰ ይገለበጥ ነበር። አንዱ ሲቃጠል ሌላው ይተርፋል። የመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በአራማይክና በግሪክ ቁርጥራጩ ብቻ የቀረው ይህ መጽሐፍ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉ ጠፍቷል ብለው ተቀምጠው ነበር። በእኛ አገር ያዳነው አንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት አይደለም፤ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ቁም ጸሐፊዎች በየዘመኑ የገለበጡት ነው።

መገልበጥ የማይደርስበት ጊዜም ነበር። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በቆየው የኢማም አሕመድ ጦርነት ስንት መጽሐፍ እንደነደደ የሚቆጥረው የለም። ያን ጊዜ የተረፈው በአብዛኛው የሸሸው ነው፦ ወደ ጣና ደሴቶች፣ ወደ ዋሻ፣ ወደ አምባ። የጣና ገዳማት ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ሥውር ግምጃ ቤት ሆነው የኖሩት ውኃው ስለከበባቸው ነው።

አምባ ግን ሁልጊዜ አያድንም። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት አንድ ሺህ ያህል እንደነበሩ ይነገራል። ይህን ጉዳይ ሳስብ ሁሌም የሚከነክነኝ ነገር አለ። በአርባ አራቱ ታቦት አገር ተበታትኖ ይኖር የነበረ ሀብት በአንድ ንጉሥ ፈቃድ በአንድ ተራራ ላይ ተከመረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ተራራው ሲያዝ ክምሩም በአንድ ቀን ተያዘ። የእንግሊዝ ሠራዊት የዘረፈውን በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠ፤ ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ከመጻሕፍቱ የተወሰነውን በመንገድ ላይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ትተው 350 ያህሉን ለንደን አስገቡ። ከሠራዊቱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ አብሮ ዘምቶ ነበርና የሚመርጠውን የሚያውቅ ዓይን በቦታው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1877፣ ማለትም ዘረፋው በተፈጸመ በ9 ዓመት ውስጥ፣ ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅቶ አሳተመ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ፣ የትኛው ደብር እንደነበረ በዝርዝር ሰፈረ። ጎንደር ቀርተው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ዝርዝር ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ በጠበቁ ነበር። ይህን የምለው ዘረፋውን ለማመስገን አይደለም፤ ዝርዝር የሌለው ባለቤት በዝርዝር ከሚያስቀምጥ ዘራፊ ፊት ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሚሆን ለማሳየት ነው። ባለቤቱ «ንብረቴ ነው» ሲል ማስረጃው ያለው በዘራፊው መደርደሪያ ላይ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ግን ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው በጻፉት ደብዳቤ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ለመኑ። ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ፤ ሆምዝ ለራሱ ይዞት ነበር። ክብረ ነገሥቱ ግን ተመለሰ። ለምን ተመለሰ? ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጡ ሁለት ክብረ ነገሥት ነበሩትና አንዱን ቢሰጥ የሚጎድልበት ስላልነበረ ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ። በዚያ ዘመን የአንድ አገር መጽሐፍ ወደ አገሩ የገባው ሁለተኛ ቅጂ ስለነበረ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ፊልሙ ዘመን ልለፍ። አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ጠቅላይ ግዛት ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ የቤኔዲክቲን መነኮሳት ገዳም አለ። እነዚህ መነኮሳት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሥርዓታቸው እናት ገዳም ሞንቴ ካሲኖ እ.ኤ.አ. በ1944 በቦምብ ሲፈርስ አይተዋል። ከዚያም የአቶሚክ ቦምብ ሥጋት ዓለምን ሲያስጨንቃት፣ ሦስተኛው ጦርነት ቢነሣ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት ምን ይሆናሉ ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኦስትሪያ ሄደው መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። ቅጂው ከአደጋው ማዶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ተቀመጠ።

ይኸው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር አዲስ አበባ ገባ። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ተቋቋመ። ቦምቡን ፈርተው የጀመሩት ሥራ እኛ ዘንድ የደረሰው አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬቱ ተወረሰ፣ ፓትርያርኩ ታሰሩ፣ ሰው በየመንገዱ ወደቀ፤ ካሜራው ግን ሥራውን አላቆመም። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር አድባራትና ገዳማት 9 ሺህ ያህል መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። ከእነዚህ ውስጥ በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አንዱ ነው። በዚህ ወንጌል ላይ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። ንብረትን ቆጥሮ መመዝገብ የፈረንጅ ትምህርት ነው ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

ከዚህ ሥራ ጋር ስማቸው ተነጥሎ የማይነገር ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. ሸንኮራ ተወልደው፣ ካይሮና ጀርመን ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1968 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ ቤታቸው ሲመጡ እጄን አልሰጥም ብለው ተታኮሱ። የተመቱት ጥይት ከወገባቸው በታች ሽባ አደረጋቸው። ለሕክምና ከአገር ወጥተው በመጨረሻ ያረፉት በዚያው በሚኒሶታ ገዳም፣ ከፊልሞቹ ጎን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የአገራቸውን መጻሕፍት በፊልም ማንበቢያ መሣሪያ እያነበቡ ሲዘረዝሩ አለፈ። ከዊልያም ማኮምበር ጋር በመሆን ያዘጋጁት ዝርዝር እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ድረስ 10 ቅጽ ሆኖ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ። ሰኔ 2013 ዓ.ም. በስደት አገር ዐረፉ።

ሁለት ነገር ልብ ይባልልኝ። አንደኛ፣ እኚህ ሰው ሐይቅንም ጎንደርንም እንደልባቸው ሊደርሱበት በማይችሉበት ሁኔታ ውስጥ ሆነው ከማንም በላይ የሐይቅንና የጎንደርን መጻሕፍት አነበቡ። ባሕረ ሐሳብንና ደቂቀ እስጢፋኖስን ያነበበ ሰው ከዚያ ፊልም ውስጥ ምን እንደወጣ ያውቃል። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እጅ የተገረፉና የተገደሉ መነኮሳት ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ተመልሶ የቀረበው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ 10ሩ ቅጾች የሚሸፍኑት እስከ 5000ኛው ፊልም ድረስ ብቻ ነው። የቀሩት ከ4 ሺህ በላይ ፊልሞች በታተመው ዝርዝር ውስጥ አልገቡም። ፎቶ ማንሳት የሥራው ግማሽ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈለት ፊልም ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደተቆለፈ መጽሐፍ ነው።

ፊልሙ ያልደረሰበት አገርም ነበር። በትግራይና በኤርትራ ጦርነት ስለነበረ የማይክሮፊልሙ ሰዎች እንደ ሸዋና ወሎ ሊዘዋወሩበት አልቻሉም። የሐረር፣ የወሎና የጅማ ሙስሊሞች በየቤታቸው በማኅደር ሰቅለው ያኖሩት የዓረብኛና የአጀሚ ጽሑፍም በዚያ ሥራ ውስጥ የነበረው ቦታ ጠባብ ነው። ሐረር ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በገዛ ራሳቸው ድካም ከየቤቱ እየለቀሙ ያቋቋሙት ሙዚየም ባይኖር ኖሮ፣ ከዚያ ሀብት ብዙው ለመጠቅለያ ወረቀት በዋለ ነበር።

አሁን ፊልሙ አርጅቷል፤ ተራው የዲጂታል ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መጽሐፉ እንደ ጋዜጣ ተዘርግቶ አይነሣም፤ ጀርባው እንዳይሰበር በግማሽ ተከፍቶ በትራስ ላይ ይቀመጣል። ሙቀት የማይሰጥ መብራት ይበራል፤ ብልጭታ ክልክል ነው። ከጎኑ የቀለም መመዘኛና ማስመሪያ ይቀመጣል፤ አለዚያ ቀዩ ቀለም ምን ዓይነት ቀይ እንደሆነ፣ ቅጠሉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ከፎቶው አይታወቅም። ገበታው፣ ድጉሱ፣ ማኅደሩ፣ ባዶ ቅጠሉ ሳይቀር ይነሣል፤ ያ የርስት ክርክር የተጻፈው እዚያ ባዶ ቅጠል ላይ ነውና። ከዚያም እያንዳንዱ ፎቶ ከራሱ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲሰላ ቁጥሩ ከተለወጠ ፋይሉ ውስጥ የሆነ ነገር ተነካክቷል ማለት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ሳየው የቁም ጸሐፊው እርግማን ትዝ ይለኛል። የፋቀ ቢኖር የሚያጋልጥ ነው፤ ልዩነቱ እርግማኑ ሌባውን አስቀድሞ ያስፈራ ነበር፤ ቁጥሩ ግን የሚነግረን ከሆነ በኋላ ነው።

የዲጂታል ቅጂ ትሩፋት ግልጽ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም እየሩሳሌም ያለ ተማሪ ስሙን አስመዝግቦ በነፃ የሚኒሶታውን ፊልም በኢንተርኔት ይከፍታል። የዛሬ 40 ዓመት ያንኑ ለማየት የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገው ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ጽሑፉን በራሱ ፊደል መጻፍና መፈለግ ተችሏል።

ድክመቱም አለው። ማይክሮፊልም በወጉ ከተቀመጠ ለብዙ መቶ ዓመት ይቆያል ይባላል፤ ለማንበብም ብርሃንና ማጉያ መነጽር ይበቃዋል። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ዲስክ ግን ዕድሜው ከአህያ ዕድሜ ያነሰ ነው። አምስት ዓመት ከሠራ መጠርጠር ይገባዋል። ከዚያ በፊት ወደ ሌላ ካልተገለበጠ ሰባት መቶ ዓመት የኖረ ብራና በሰባት ዓመት ዲስክ ውስጥ ይሞታል። ቁም ጸሐፊው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚገለብጠውን የዛሬው ጠባቂ በየአምስት ዓመቱ መገልበጥ አለበት ማለት ነው።

ይህ የድሀ አገር ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ የለንደንን ጉድ ያስታውስ። የመቅደላ መጻሕፍት ዛሬ ያሉበት የብሪቲሽ ላይብረሪ በርካታዎቹን በዲጂታል አንሥቶ ለዓለም ከፍቷቸው ነበር። «መጽሐፉን ባንመልስም ሥዕሉን ይኸው» የሚል መንፈስ ነበረበት፤ በዚህ ደስ ያላቸው ሰዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 መጨረሻ ራይሲዳ በሚባል ስም የሚታወቁ ወሮበሎች የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒዩተሮች ሰብረው ገቡ። 20 ቢትኮይን እንዲከፈላቸው ጠየቁ፤ ያን ጊዜ ወደ 600 ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፈለም፤ እነሱም የሰረቁትን መረጃ አደባባይ ላይ በተኑት። የብራናዎቹ ፎቶዎች ከኢንተርኔት ጠፉ። ዓመት አልፎ እንኳ ብዙዎቹ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። መቅደላ ላይ የሆነው እንደገና ሆነ ብል ማጋነን ይሆናል፤ መጻሕፍቱ መደርደሪያቸው ላይ ደኅና ናቸውና። ግን ሁሉ በአንድ አምባ ላይ ሲከመር የሚመጣው ነገር ያው ነው። አምባው አሁን የብርጭቆና የሽቦ ሆነ እንጂ።

በዚያው ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም ግን አንድ ጥሩ ደንብ አለው። ገንዘብ ሲሰጥ ዋናው መጽሐፍ ከአገሩ እንዳይወጣ፣ ከዲጂታሉም አንድ ቅጂ በአገሩ እንዲቀር ያዛል። ለንደን ሲጨልም ይህ ደንብ ምን ያህል ብልህ እንደነበረ ታየ።

ከለንደኑ ጉድ ሦስት ዓመት በፊት ትግራይ ውስጥ የከፋ ነገር ሆኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ተመቱ፤ ጥንታዊው የአል ነጃሺ መስጊድ ሳይቀር ተጎዳ፤ ቅርስ ተዘረፈ፤ ከዚያም የብራና መጻሕፍት በኢንተርኔት ገበያ በርካሽ ሲቸረቸሩ ታዩ። ከጦርነቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከክልሉ ባህል ቢሮ ጋር ሆነው በምሥራቅና ሰሜን ትግራይ በርካታ የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት አንስተው ነበር። ያ ፎቶ ዛሬ ለጥናት ብቻ የሚያገለግል አይደለም። የተሰረቀ መጽሐፍ ገበያ ላይ ሲወጣ፣ የተቀደደው ጥግ፣ የሰም ጠብታው፣ ጸሐፊው የዘለለውን መስመር በኅዳግ ላይ ያረመበት ቦታ፣ እነዚህ ሁሉ የጣት አሻራ ናቸው። ሻጩ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ቢል ፎቶው ይናገርበታል። ይሁንና በጦርነቱ ወቅት ክልሉ ኢንተርኔትም መብራትም ተቋርጦበት ቆይቷል። ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ቅጂ ለባለቤቱ ያን ጊዜ ምን ይጠቅመው ነበር?

ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ ያደረጉኝ አንድ ቄሰ ገበዝ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጽሑፍ ብዬ በሰሜን ሸዋ ወደሚገኝ የገጠር ደብር ወጥቼ ነበር። ዕቃ ቤቱ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም በሦስት ሰው እጅ ነው፤ ሦስቱ ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። ካሜራ መያዜን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ካሜራ ይዞ የመጣ ሁሉ ደጅ ጠንቶ፣ ተሳልሞ፣ አንስቶ ይሄዳል። አንድ ወረቀት መልሶ ያመጣልን የለም» አሉኝ።

«አባቴ፣ የሚያነሡት እኮ ለጥበቃ ነው» አልኳቸው።

«ጥበቃውስ ጥሩ ነበር። ግን ሌባ የሚመጣው ወሬውን ሰምቶ ነው። ሥዕሉን ዓለም ካየው በኋላ ሌሊት የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ያነሣው ሰውዬ ከተማ ይተኛል።»

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ጥሩ መልስ አለኝ አልልም። እኚህ ሰው ኋላ ቀር አይደሉም። ስለ ቅርስ ጥበቃ በየአዳራሹ ከሚነገረው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ነገር ነው የተናገሩት። ፎቶው አንዱን አደጋ ሲያርቅ ሌላውን ይጠራል። የትኛው ደብር ምን ዓይነት ባለ ሥዕል ወንጌል እንዳለው ለዓለም መንገር ለተመራማሪ ዝርዝር፣ ለነጋዴ ደግሞ የገበያ ዝርዝር መስጠት ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወዲያው ይከፈት የሚለውን አልደግፍም። የመጽሐፉ ይዘት ይታይ፤ የተቀመጠበት መንደርና የዕቃ ቤቱ ሁኔታ ግን ለሚመለከተው ብቻ ይታወቅ።

ሌላው ነገራቸው፣ «መልሶ ያመጣልን የለም» ያሉት፣ ይበልጥ ያሳፍራል። የአንድ ደብር መጽሐፍ ቅጂ ሚኒሶታ፣ ሃምቡርግና ለንደን ኖሮ ደብሩ ዘንድ የማይኖርበት ምክንያት ምንድን ነው? ኮምፒዩተር ባይኖር በወረቀት ታትሞና ተጠርዞ ሊሰጥ ይችላል። መሪጌታው ተማሪውን የሚያስተምረው በቅጂው ይሆንና ዋናው ብራና ከእጅ ላብና ከጧፍ ጭስ ያርፋል። ይህ ሲሆን ደብሩ ራሱ የቅጂው ጠባቂ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የቲምቡክቱ ሰዎች መጻሕፍቶቻቸውን በሣጥን አድርገው በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ ያሸሹት መመሪያ ከበላይ መጥቶላቸው አይደለም፤ መጻሕፍቱ የየቤተሰባቸው ስለነበሩ ነው።

ዝርዝሩም በሚያነቡት ቋንቋ ይሁን። ሃምቡርግ ውስጥ ስሙን በግእዝ «ቤተ መጻሕፍት» ብሎ የሰየመ ትልቅ የኮምፒዩተር መዝገብ አለ፤ ሥራው የሚደነቅ ነው። ሆኖም ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው። መጽሐፉን የጻፉት፣ የጠበቁት፣ ዛሬም የሚቀድሱበት ሰዎች ስለ መጽሐፋቸው የተጻፈውን ማንበብ አይችሉም። ለዚህ ደግሞ ፈረንጁን መውቀስ አይቻልም፤ በአማርኛ የመጻፉ ዕዳ የእኛ ነው።

«ቅጂው ካለ መጽሐፉን መመለስ ለምን ያስፈልጋል?» የሚለውን ክርክርም ሰምቻለሁ። የምመልሰው በአጭሩ ነው። ቅጂው እንዲህ በቂ ከሆነ ቅጂውን እነሱ ያስቀሩና ብራናውን ይላኩ።

አገራችን ሕግ አላጣችም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ እንዳይሸጥና ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ወመዘክር ከሚያስቀምጣቸው ሀብቶች 12ቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ሰፍረዋል። ለካሜራ የሚረዳ ኤምባሲም ድርጅትም አይጠፋም፤ ምርቃቱ ላይ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዜናው ማታ ይነገራል። ካሜራው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ግን ዲስኩን በየአምስት ዓመቱ የሚገለብጠው፣ ቁጥሩን የሚያመሳክረው፣ አንዱን ቅጂ ሌላ ከተማ ወስዶ የሚያስቀምጠው ሰው ደመወዝ በየትኛው በጀት ውስጥ ነው የተያዘው?